የምስጋና ደብተርና የውለታ ደብተር

አማርኛ ተናጋሪ «እንደምን አደርክ?» ሲባል መልሱ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ወገቡን እንዳመመው፣ የቤት ኪራይ እንደተጨመረበት፣ ልጁ ሥራ አጥቶ ቤት እንደተቀመጠ የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። ምስጋናው ከወሬው ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜም ከወሬው ጋር አይተዋወቅም። መቼስ ይህን የምንለው ልማዱን ለማቃለል አይደለም። ከሕመሙ በፊት ምስጋናውን የሚያስቀድም ሕዝብ ስለ ኑሮ የሚያውቀው ነገር አለ። ሆኖም ተናጋሪውን «አሁን ያመሰገንከው ስለ ምን ነው?» ብለን ብናቆመው ለመመለስ ትንሽ ማሰብ ይኖርበታል። ቃሉ የወጣው አንደበት ለብቻው ሲሠራ ነውና።

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከአሜሪካ ተነሥቶ ብዙ አገር ያዳረሰ አንድ ልማድ አለ፤ ምስጋናን ከአንደበት አውርዶ በየቀኑ ወረቀት ላይ ማስፈር። ማታ ደብተር ይገለጣል፤ የዕለቱ ደጋግ ነገሮች ሦስት ወይም አምስት ሆነው ይጻፋሉ፤ ደብተሩ ይዘጋል፤ መብራት ይጠፋል። ልማዱ የራሱ መጻሕፍት፣ የራሱ የታተሙ ደብተሮች፣ የራሱ ሰባኪዎችም አሉት። በከተማችን አስፋልት ዳር ከሚነጠፉት «ራስህን ለውጥ» ባይ የትርጉም መጻሕፍት ውስጥም ምክሩን ማግኘት አያስቸግርም። ስለ ጤና ጥቅሙ የሥነ ልቦና ሰዎች ብዙ ብለዋል። እንደ ጽሑፍ ሲመዘን ግን እምብዛም አይታይም። ሰው በየቀኑ ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ነገር ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል። እዚህ የምንይዘው ይህን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሁኑን መልክ ለሕዝብ ካስተዋወቁት አንዷ ሳራ ባን ብራናክ ናት። በ1995 ያሳተመችው «ሲምፕል አበንዳንስ» ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ፣ በድምሩ 366 አጫጭር መጣጥፎች የያዘ ሲሆን፣ አንባቢዋ በየማታው አምስት የምታመሰግንባቸውን ነገሮች እንድትጽፍ ይመክራል። ኦፕራ ዊንፍሬ በቴሌቪዥን ስታነሣው ነገሩ የሕዝብ ሆነ። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ2003፣ ሮበርት ኤመንስና ማይክል መከላ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ዛሬም ድረስ የሚጠቀሰውን ጥናታቸውን አሳተሙ። ተማሪዎችን በሦስት ወገን ከፈሉ፤ አንደኛው ወገን የሚያመሰግንበትን፣ ሁለተኛው ያስቸገረውን፣ ሦስተኛው እንዲሁ የገጠመውን እንዲጽፍ አደረጉ። ምስጋናውን የጻፉት ችግራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት፣ ስለሚመጣው ሳምንት የተሻለ ተስፋ ነበራቸው። የጡንቻና የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለ21 ቀን በተካፈሉበት ሌላ ሙከራ ደግሞ ጸሐፊዎቹ እንቅልፋቸው እንደተሻላቸው ተናገሩ።

ከዚህ ወዲያ ያለው የታወቀ ነው፤ ጥናቱ ወደ ማስታወቂያ ተለወጠ። በመንገድ ላይ ግን ሁለት ነገር ወድቆ ቀረ። አንደኛ፣ ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሙከራ የጻፉት በየቀኑ ሳይሆን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአሥር ሳምንት ነበር። ሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ባልደረቦቿ በ2005 ባወጡት ጽሑፍ እንደገለጹትም፣ በሳምንት አንድ ቀን የጻፉት ሰዎች ሲጠቀሙ በሳምንት ሦስት ቀን የጻፉት ያን ያህል አልተጠቀሙም። ሁለተኛ፣ በ2020 የወጣና 27 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ፣ ይህ ዓይነቱ ልምምድ በድብርትና በጭንቀት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው ብሏል። ትንሽ ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ደብተሩን እንደ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡትን ነጋዴዎች ግን ልብ ብሎ መስማት ይገባል።

የሦስቱ ቀንና የአንዱ ቀን ልዩነት ለሐያሲ ከቁጥር በላይ ነው። የታተመውን ደብተር ገልጠን እናስበው። ከላይ ቀን፣ ከታች 1፣ 2፣ 3 ብሎ ባዶ መስመር። የመጀመሪያው ማታ «ጤናዬ፣ ቤተሰቤ፣ የዕለት እንጀራዬ» ይጻፋል። ሦስቱም እውነት ናቸው። በሁለተኛው ማታ ምን ይጻፍ? ጤናው እንዳለ ነው፤ ቤተሰቡም እንዳለ ነው። ቅደም ተከተሉ ተቀይሮ እነዚያው ይመለሳሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩ የክፍል ስም ጥሪ ይመስላል፤ «አቤት» ብሎ የሚመልስ ግን የለም። ጥፋቱ የጸሐፊው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ቅጹ ራሱ ስም ብቻ የሚቀበል፣ ግሥ የማይጠይቅ በመሆኑ ነው። ጤና ይላል፤ ማን ምን አደረገ አይልም።

አሁን በዚያው መስመር ላይ ሌላ ነገር እንጻፍ። «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃ መጣ፤ የጓሮዋ እትዬ የእኔን በር ካላንኳኩ ብለው ከአልጋቸው ተነሡ፤ አራት ጀሪካን ሞላሁ።» ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ አንባቢ ነገሩን አይስተውም። እዚህ ውስጥ ሰዓት አለ፤ ሰው አለ፤ የሰውየዋ ድርጊት አለ፤ ድርጊቱ ምን እንዳስከፈላት አለ፤ እንቅልፏን ማለት ነው። ጸሐፊውም አራት ጀሪካን ብሎ ቆጥሯል። ይህን የጻፈ ሰው በማግሥቱ እትዬን ደጃፋቸው ላይ ሲያገኛቸው አንገቱን ደፍቶ ብቻ አያልፍም። «የዕለት እንጀራዬ» ብሎ የጻፈው ግን ለማንም ምንም አልቀረበትም።

አማርኛ ለዚህ ልዩነት ሁለት ቃል አለው፤ ምስጋናና ውለታ። ምስጋና ይነገራልና ያልቃል። ውለታ ግን አለ፤ ይቆያል፤ ሰው ላይ ይቀመጣል። ምስጋና የረሳን ሰው «ስድ» እንለው ይሆናል፤ ውለታ የረሳን ግን «ውለታ ቢስ» ብለን ከሰው ተራ እናወጣዋለን። «እግዜር ይስጥልኝ» የምንለውም ለዚህ ይመስላል። ተናጋሪው «ብድርህን እኔ መክፈል አልችልም፤ የሚችለው ይክፈልልኝ» ማለቱ ነው፤ ዕዳ መኖሩን ያምናል። ከአሜሪካ የመጣው ደብተር ምስጋናን ያስመዘግባል፤ ውለታን ግን የሚያስመዘግብበት መስመር የለውም። የዚህ ጽሑፍ ክስ ይኸው ነው።

ክሱ የሚጠነክረው ደግሞ ውለታን የመዘገቡ ሰዎች ጥንትም ስለነበሩ ነው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ (ከ161 እስከ 180 የነገሠው) ለራሱ በግሪክኛ በጻፈው ማስታወሻ የመጀመሪያው ክፍል 17 ምስጋናዎች አሉ። በክፍሉ ጫፍ ላይ የተገኘው ማስታወሻ እንደሚለው ከሆነ ቦታው ከቤተ መንግሥት ሩቅ ነው፤ ኳዲ ከሚባሉት ሕዝቦች ጋር ጦርነት ላይ፣ በዛሬይቱ ስሎቫኪያ በሚፈስስ ወንዝ አጠገብ። በዘመኑ ወረርሽኝ ነበረ። ከአሥር በላይ ልጆች ወልዶ ብዙዎቹን ቀብሯል። ለምስጋና የተመቸ ኑሮ አልነበረም።

አጻጻፉን ተመልከቱ። እያንዳንዱ ቁጥር የሚጀምረው «ከእገሌ» በሚል ነው፤ ቀጥሎ ያ ሰው የሰጠው ነገር ይዘረዘራል። ሩስቲቆስ ከተባለው መምህሩ ብዙ ነገር እንዳገኘ ይጽፍና፣ ከሁሉ መካከል ያ ሰው ከገዛ መጻሕፍቱ አውጥቶ የኤፒክቴተስን ትምህርት እንዳዋሰው ያነሣል። መጽሐፍ ማዋስ! ዓለም በእጁ የሆነ ሰው የተዋሰውን መጽሐፍ አልረሳም። ከአሌክሳንድሮስ ፕላቶናዊው የተማረው ደግሞ፣ ሳያስፈልግ ለሰው «ሥራ በዝቶብኛል» እያሉ ማመካኘት እንደማይገባ ነው። ይህን የመሰለ ጥቃቅን ነገር በየገጹ አለ። አማልክቱ የሚመጡት በመጨረሻው ቁጥር ነው፤ ሰዎቹ ከቀደሙ በኋላ። እኛ አገር ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው፤ እግዚአብሔር ይቀድምና ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ሳይደርሳቸው ወሬው ያልቃል።

ግን ሐያሲ የተጻፈውን ብቻ አያነብም። በ138 አንቶኒኖስ ማርቆስን በማደጎ ልጅነት እንዲወስድ ያደረገው፣ ስለዚህም የዙፋኑን መንገድ የጠረገለት ንጉሡ ሐድሪያን ነው። በ17ቱ ውስጥ ግን ለሐድሪያን የተመደበ ቁጥር የለም። ሊቃውንቱ ስለ ምክንያቱ ይከራከራሉ፤ ለእኛ የሚበቃን ይህ ነው፦ ደብተሩ ትልቁን ስጦታ የሰጠን ሰው እንኳ መዝለል የቻለ ሐቀኛ ደብተር ነው። ሁሉንም ነገር አመስግን የሚል ትእዛዝ አልተሰጠውም።

ሌላው ዝምታ ግን ያሳዝናል። ሕፃን ሳለ ያሳደገው ሞግዚቱ ከአምስተኛው ቁጥር ላይ አለ። ድካም መቻልን፣ በጥቂት መኖርን፣ ሥራን በገዛ እጅ መሥራትን፣ በሠረገላ ውድድር ከአንዱ ወገን ደጋፊ ሆኖ አለመንጫጫትን ያስተማረው እሱ ነው። ስሙ ግን የለም። መምህራኑ እነ ሩስቲቆስ፣ እነ ፍሮንቶ፣ እነ አፖሎንዮስ በስም ተጠርተዋል፤ በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ ባሪያ ወይም ነፃ የወጣ ባሪያ የሚሆነው ሞግዚት «ያሳደገኝ» ተብሎ ታልፏል። አንድ የጥንት የታሪክ ጸሐፊ እንደሚያወራው ማርቆስ አሳዳጊው ሲሞት አልቅሷል፤ ባለሟሎች ሊከለክሉት ሲሞክሩ አንቶኒኖስ «ተዉት፣ ሰው ይሁን» የሚል ስሜት ያለው ነገር ተናግሯል። እንባው ነበረ፤ ስሙ ግን ወረቀቱ ላይ አልደረሰም።

ወደ ዘመናችን እንመለስና፣ የዕለት ተዕለቱን ልምምድ ወደ ሥነ ጽሑፍ ካደረሱት ውስጥ ይህ ጸሐፊ የሚያደንቀው አሜሪካዊው ጥቁር ገጣሚ ሮስ ጌይ ነው። በ2015 ያወጣውና ርእሱ ላይ ምስጋና የሚል ቃል ያለበት የግጥም መድበሉ የአሜሪካን የመጻሕፍት ሐያስያን ሽልማት አግኝቷል። በ2019 የታተመው «ዘ ቡክ ኦቭ ዲላይትስ»፣ «የደስታዎች መጽሐፍ» እንበለው፣ ደግሞ 42 ዓመት ከሞላው ልደቱ ተነሥቶ እስከ ቀጣዩ ልደቱ ያቆየው የአንድ ዓመት መዝገብ ነው። ደንቡ ሦስት ነበር፤ በየቀኑ መጻፍ፣ በፍጥነት መጻፍ፣ በእጅ መጻፍ። በመጽሐፉ የገቡት 102 ናቸው። በየቀኑ የሚለውን ደንብ ራሱ ቶሎ ሰብሮታል፤ መስበሩንም እንደ አንድ ደስታ መዝግቦታል። ይህ ቀልድ ብቻ እንዳይመስለን። ባዶ ያደረ ገጽ ለውሸት ከተሞላ ገጽ እንደሚሻል የተረዳ ጸሐፊ ነው።

ካነበብናቸው ውስጥ የቲማቲም ችግኝ ይዞ አውሮፕላን የተሳፈረበት አለ። ችግኙን ይዞ ሲሄድ የማያውቃቸው ሰዎች ፊታቸው ሲፈታ፣ የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ሳይቀሩ ስለ ችግኙ ሲጠይቁት እናያለን። ነገሩ ይህ ብቻ ነው። ሆኖም አንባቢ በቀጣዩ ቀን ታክሲ ውስጥ አበባ ወይም ጫጩት ይዞ የተቀመጠ ሰው ሲያይ የሌሎቹን ተሳፋሪዎች ፊት መመልከቱ አይቀርም። የማስተዋል ልማድ ከመጽሐፍ ወደ ሰው የሚተላለፈው እንዲህ ይመስለናል። ጌይ የአባቱን ሞት አይሸሽግም፤ በአሜሪካ ጥቁር ሰው መሆን ምን እንደሚያስከፍልም አይሸሽግም። በአንድ ገጽ ላይ ደስታውና ቁስሉ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን ዝም አያሰኘውም።

ግድፈት የለበትም ማለታችን አይደለም። ፍጥነቱ አንዳንዴ ይጎዳዋል፤ ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ እየከፈተ የጀመረውን ሳይጨርስ ይቀራል። በጥቂቶቹ መጣጥፎች ላይም ያየውን ነገር ትቶ ራሱን፣ ሲያይና ሲደሰት፣ ቁጭ ብሎ ያያል፤ አንባቢ ከጀርባው ቆሞ መጠበቅ ይሆንበታል። መጽሐፉን በአንድ ቀን ላንብብ የሚልም ይጎመዝዘዋል። እንደ ማር ነው፤ በማንኪያ እንጂ በጣሳ አይጠጣም። ደግነቱ የቀኑ ደስታ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይዞ መምጣቱ ነው፤ በመንገድ ላይ እጁን የምትመታው የማታውቀው ልጅ፣ አብሮት አፈር የሚቆፍር ጎረቤት።

በዚህ ሁሉ ላይ የተነሣውን ክርክር ሳያነሡ ማለፍ ግን ለነገሩ ያደላ ሒስ መጻፍ ይሆናል። ባርባራ ኤረንራይክ፣ በ2022 ያረፈችው አሜሪካዊት ጸሐፊ፣ የጡት ካንሰር ይዟት በነበረ ጊዜ «ደስ ይበልሽ፣ አመስግኚ» የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው ሲወርድባት መሮአት፣ በ2009 በዚህ በግድ ደስ ይበላችሁ ባይነት ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈች። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የምስጋናን ፋሽን ለብቻው ያዘችው። ሙግቷ ቀላል ነው። ይህ ሁሉ ምስጋና ለማን ነው? ሰውየው ለብቻው ተቀምጦ ለራሱ ስሜት ሲል ያመሰግናል፤ ምስጋናው ለማንም አይደርስም። ሰላጣውን የለቀመው፣ ምግቡን ያበሰለው፣ ወደ ገበታው ያመጣው ሠራተኛ በደብተሩ ውስጥ የለም፤ ቢኖርም ምስጋናው ደመወዙን አይጨምርለትም። እውነተኛ ምስጋና ከእነዚህ ሰዎች ጎን መቆም ነበረበት ትላለች።

የኤረንራይክ ብዕር አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ይስላል። ለራሱ ሲል የሚያመሰግን በሽተኛ ምን በደለ? ሌሊቱን እንቅልፍ ካገኘበት ያግኝበት። ዋናው ጥያቄዋ ግን እኛንም ይመለከታል፤ ምናልባት ከአሜሪካኖቹ ይበልጥ። «ተመስገን በል» በአገራችን ሁለት ድምፅ አለው። አንዱ የሚያጽናና ነው፤ ልቅሶ ቤት የሚሰማው። ሌላው አፍ የሚያስይዝ ነው። ደመወዙ እንዲጨመርለት የጠየቀ ሠራተኛ «ሥራ አለህ፣ ተመስገን በል» ይባላል። ባሏ የሚመታት ሴት «ልጆችሽ ጤነኞች ናቸው፣ ተመስገን በዪ» ትባላለች። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ ደመወዟ ለወራት ተይዞባት ስልክ ስትደውል ከዚህ ወዲያ ያሉት ዘመዶቿ የሚነግሯት አንዳንዴ ይህንኑ ነው። ምስጋናው እዚህ ጋ የሚከፈል ዕዳ ወደ ጎን የሚገፋበት መጥረጊያ ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱን ምስጋና በየቀኑ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው በየቀኑ ዝም ማለትን ይለማመዳል።

በየከተማው ቤት ደግሞ የማርቆስ ሞግዚት አለች። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ እሳት የምታያይዝ፣ ልጆቹን አልብሳ የምትሸኝ፣ ማታ ሁሉም ከበላ በኋላ የምትበላ ልጅ። የቤቱ እመቤት የምስጋና ደብተር ጀመረች እንበል። «ትኩስ ቁርስ፣ ንጹሕ ቤት፣ በሰላም የገቡ ልጆች» ትጽፋለች። ሦስቱም የልጅቷ ሥራዎች ናቸው። ስሟ ግን አልተጻፈም፤ ቁርሱ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ይህን ገጽ እንደ ጽሑፍ ብንመዝነው ድክመቱ የቋንቋ ነው፤ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው። እንደ ኑሮ ብንመዝነው ደግሞ ድክመቱ ሌላ ነው። የሚገርመው ሁለቱ በአንድ እርማት ይታረማሉ፦ ስሟን መጻፍ። ስሟ ከተጻፈ ግሡ ይከተላል፤ ግሡ ከተጻፈ ሰዓቱ ይከተላል፤ በወሩ መጨረሻ አምስት ጊዜ «ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት» ብላ የጻፈች እመቤት፣ ልጅቷ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ ሳታስብ ደብተሯን መዝጋት ይከብዳታል።

ስም መጻፉን እኛ ከማንም አንማረውም። በብራና የተጻፉት የግዕዝ መጻሕፍት ላይ ያጻፈውና የጻፈው ሰው ስም በጸሎት መካከል ተሰክቶ ይገኛል፤ አንባቢ እንዲያስባቸው። አንዳንዱ ብራና ላይ ስሙ ተፍቆ በላዩ የኋለኛው ባለቤት ስም ተጽፏል፤ ውለታን የመሻር ጥበብም ጥንታዊ መሆኑ ነው! በየቀኑ ማመስገኑም ቢሆን እንግዳ አይደለም፤ ውዳሴ ማርያም ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ የሚደገም ነው፤ ሙስሊሙም ከስግደት በኋላ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ይቆጥራል። በአማርኛ መጻሕፍት መግቢያ ላይ ያለው የ«ምስጋና» ገጽም የዚሁ ዘር ነው። ያንን ገጽ ከመጽሐፉ አስቀድመን የምናነብ አንባቢዎች አለን፤ ረቂቁን በትርፍ ሰዓቷ የተየበችለት፣ ለማተሚያ ቤት ቀብድ ያበደረው፣ ጽሑፉን አንብቦ «ይህን ምዕራፍ አውጣው» ያለው ጓደኛ እዚያ አሉ። ገጹ የሚበላሸው «ስማችሁን ያልጠቀስኳችሁ» ወደምትለው ሐረግ ሲደርስ ነው። ያችን ሐረግ ከአማርኛ መጻሕፍት የሚያስወጣልን አርታዒ ቢገኝ ደግ ነበር።

ልማዱን ለመጀመር የሚያስብ አንባቢ ከጥናቱም ከመጻሕፍቱም የሚወስደው አለ። በየቀኑ ዓይን ገልጦ መዋል አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ መጻፍ ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ አይቶ ቅዳሜ ማታ ብቻ መጻፍ ከቁጥሩም ከቅኑ ጽሑፍም ጋር ይስማማል። አምስት መሆን የለበትም፤ አንድ፣ ግን ሰው ያለበት፣ ያ ሰው ምን እንዳደረገና ምን እንዳጣበት የሚናገር። ያላመሰገኑትን አለመጻፍ። የተበደሉትንም በዚያው ደብተር መጻፍ ይቻላል፤ ጌይ ጽፏል፤ ገጹም አልተቀደደም። ለዚህ ደግሞ ወርቃማ ጠርዝ ያለው፣ መስመሩ ቁጥር የተሰጠው ደብተር ገዝቶ ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም። ከልጆች ትምህርት ቤት የተረፈ ባለ 50 ሉክ ይበቃል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቁርሱን ማን እንደሠራው በስሟ ይጻፍ።